ዜሮ ስንት ነው?

አማርኛ ስለ ጡት ሲያወራ አንደበቱ ርቱዕ ነው። ውለታ የበላውን «ጡት ነካሽ» ይለዋል። በቃል ኪዳን የተሳሰሩትን «የጡት አባት»፣ «የጡት ልጅ» ብሎ ያዛምዳቸዋል። አርባ ዓመት ሞልቶት ከእናቱ ቤት ያልወጣውን «ጡት ያልጣለ» ብሎ ይስቅበታል። እናት ልጇን የመጨረሻውን ልመና ስትለምን «ያጠባህ ጡቴ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ይግባኝ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ስለሚያጠባው ጡት ነው። ጡቱ የታመመ ዕለት ቋንቋችን ድዳ ይሆናል። ሴቲቱ «ደረቴን»፣ «ጎኔን»፣ «እዚህ ጋ» እያለች ዙሪያውን ትዞረዋለች እንጂ ስሙን አትጠራውም። በሽታውም ስም የለውም፤ «ያ በሽታ» ነው፣ «ክፉው በሽታ» ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል በሙሉ ድምፅ የሚጠራው ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ ሙስናን ሲያወግዝ ወይም ተቃዋሚውን ሲረግም ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ የራሷን የጡት ካንሰር ከታከመች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሽታን ዘይቤ ስለማድረግ አንድ ቀጭን ግን ቁጡ መጽሐፍ ያወጣችው በዚሁ ነገር አንጀቷ አርሮ ነው። በሽታን የእርግማን ምሳሌ ስናደርገው በሽተኛው ላይ ሌላ በሽታ እንደርብበታለን፤ ነገሯ ይህ ነው።

እኔ ግን ዛሬ ስለ ዘይቤ ላስተምር አልመጣሁም። ከማስተማሩ ከወጣሁ ቆየሁ። ከአንዲት ወረቀት ጋር ልጣላ ነው የመጣሁት።

ወረቀቷን ያየኋት ኦቾሎ ነው። ኦቾሎን ለማታውቁ፦ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ዐባያ ሐይቅን ቁልቁል እየተመለከተች ቋጥኝ ላይ የተሰቀለች የጋሞ መንደር ናት። መንደሪቱ በትምህርት ዓለም ስሟ የታወቀ ነው፣ ያውም በሁለት ነገር። አንደኛው ሸንጎዋ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ የኦቾሎ ሰው አደባባይ ተሰብስቦ ነገሩን ሁሉ እየተከራከረ እንዴት እንደሚወስን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞባታል። ሁለተኛው ቁንጭር ነው። ፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ የሚተወው ይህ የቆዳ በሽታ በኦቾሎ ለአሥርት ዓመታት ተጠንቷል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በወጥመድ ተይዞ ተቆጥሯል። ቋጥኙ ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ሳይቀር ተይዞ፣ ተመርምሮ፣ የበሽታው ጎተራ እሱ መሆኑ ተደርሶበታል። እሰየው ነው፤ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው። ብቻ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በኦቾሎ የሽኮኮው ውጤት ተተንትኖ፣ ታትሞ፣ ዓለም አንብቦታል። የአንዲት የኦቾሎ እናት ውጤት ግን ለራሳቸው አልተነበበም።

ባለፈው ዓመት አርባ ምንጭ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሰንብቼ፣ አንድ ቅዳሜ ወደዚያው ወጥተን ነበር። ዘመዶቹ ቤት ገብተን የቡና ቅጠሉ ገና ሳይቀዳ የቤቱ አባወራ ከሣጥን ውስጥ ቡናማ ፖስታ አወጡ። «መምህር፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ አሉ» አሉኝ። የባለቤታቸው የማሞግራም ውጤት ነበር። ባለቤታቸው ጓዳ ነበሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እኚህ እናት 47 ዓመታቸው ነው፤ አራት ልጆች ወልደዋል። ግራ ጡታቸውን ያማቸው ከጀመረ ወራት አልፎታል። ሽሮ ሜዳ ሽመና የሚሠሩት የባላቸው ወንድም አዲስ አበባ አስመጥተው ወደ አንድ የግል የምርመራ ቤት ወሰዷቸው። ገንዘብ ተከፈለ፤ ጡታቸው በሁለት ሰሌዳ መሐል ተጨፍልቆ ራጅ ተነሣ፤ በማግስቱ ፖስታው በመስኮት ወጣ። በመስኮቱ በኩል የተባለው ነገር «ለተጨማሪ ምርመራ ትመለስ» የሚል ብቻ ነው። ምን ዓይነት ምርመራ፣ መቼ፣ ለምን፣ አልተባለም። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። መጨረሻው ላይ «ባይራድስ 0» ይላል።

ሸማኔው ወረቀቱን ለጎረቤት ልጅ አሳዩት፤ አሥረኛ ክፍል ነው። ልጁ አየና «ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት ነው» አለ። ደስታ ሆነ። አርባ ምንጭ ሲደርስ ደግሞ ወረቀቱ መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው እጅ ገባ። እሱም አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ዜሮ ማለት ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ነው» አለ። አባወራው ይህኛውን አመኑ። ክፉ ወሬ ሁልጊዜ ከደግ ወሬ ይልቅ እውነት ይመስላል። ለሚስታቸው ምንም ሳይናገሩ ፖስታውን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሦስት ወር።

በነዚያ ሦስት ወራት ቤቱ ውስጥ የሆነውን ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው የነገሩን፤ በጋሞኛ፣ ተማሪዬ እየተረጎመ። ምንም አልተባሉም፤ ሰው ሁሉ ግን ቀስ ብሎ ያናግራቸው ጀመር። ቅቤ መጣላቸው። እህታቸው ከሩቅ መንደር ያለ ምክንያት መጥታ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ልጃቸው ከአጠገባቸው አልለይ አለች። «በሕይወት እያለሁ ለቅሶ ደረሱኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ የጡታቸው ሕመም ሌሊት ሌሊት መባሱን፣ እንቅልፍም ማጣታቸውን ነገሩን። ለመሆኑ ማን ይተኛል!

ልብ በሉ፤ ወረቀቱ በሸማኔው፣ በተማሪው፣ በመድኃኒት ሻጩና በባል እጅ አልፏል። አምስተኛው እኔ ነበርኩ። አምስት ወንዶች የአንዲት ሴት ጡት ውስጥ ምን እንደታየ ተመካከርን። የጡቱ ባለቤት ጓዳ ቁጭ ብለዋል።

የሥነ ጽሑፍ ሰው የሐኪም ወረቀት ሲሰጡት ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሐኪም መጥራት። አዲስ አበባ ወደሚገኝ የራዲዮሎጂ ሐኪም ወዳጄ ደወልኩ፤ ሴትዮዋ ከጓዳ እንዲመጡ ለመንን፤ ስልኩን ድምፁን ከፍተን መሐላችን አስቀመጥነው። ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩለት። «ይሄ እኮ ምንም አላለም» አለ። «ፎቶው አልበቃኝም፣ ሌላ ላንሣ ነው ያለው።»

ተማሪዬ ተረጎመ። ዝም አሉ፤ ቆዩና «ታዲያ ለምን እንዲህ አይሉኝም?» አሉ።

እኔም የምጣላው በዚህች ጥያቄ ነው። ግን መጀመሪያ፣ ይህን ገጽ የሚያነቡ፣ ወይም እናታቸው፣ እህታቸው፣ ሚስታቸው ይህን መሰል ፖስታ የያዙ ብዙ ስለሆኑ፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ ልንገራችሁ።

«ባይራድስ» የሚባለው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያወጣው መመደቢያ ነው። ሐኪም ለሐኪም የሚጻጻፍበት እንጂ ለበሽተኛ የተጻፈ አይደለም። ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። 1 ማለት ምንም አልታየም ነው። 2 ማለት የታየ ነገር አለ፣ ጉዳት ግን የለውም ነው፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወይም የቆየ ጠጠር መሰል ካልሲየም ሊሆን ይችላል። 3 «ደህና ሳይሆን አይቀርም» ነው፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ 2 አይበልጥም፣ ስለዚህ በመርፌ ከመውጋት ይልቅ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ማየት ይመረጣል። 4 «አጠራጣሪ» የሚለው ነው፤ ሰውን የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ይህ ምድብ ግን እጅግ ሰፊ ነው፤ ከመቶ 2 ይጀምርና ከመቶ 95 ድረስ ይዘልቃል። ለዚህም ነው ሐኪሞች በሦስት ንዑስ ክፍል የሚከፍሉት፤ የመጀመሪያው ንዑስ ክፍል ከመቶ 10 አያልፍም። እንግዲህ «4 ሆነች» ተብሎ ብቻ የሚለቀስ ከሆነ የሚለቀሰው ስለማይታወቅ ነገር ነው። 5 ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ የሚያሠጋ ነው። 6 የሚሰጠው ቀድሞ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ለተረጋገጠ ነው። 5 ራሱ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የመጨረሻ ቃል ያለው ናሙናው፣ በአጉሊ መነጽር የሚያየው የፓቶሎጂ ሐኪም ዘንድ ነው። ማሞግራም ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ዜሮስ? ዜሮ ከአንድ በታች አይደለም። ከቆጠራው ውጭ ነው፤ «ገና አልቆጠርኩም» ማለት ነው። (የግዕዝ ቁጥራችን ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ነው የሚጀምረው። እንዲያው ለወጉ ነው የማነሣው፤ እንግዳ ቁጥር ቤታችን ገብቶ ሰላም ቢነሣን አይገርምም።) ዜሮ የሚጻፈው ምስሉ ለመወሰን ሳይበቃ ሲቀር ነው። የጡት ሥጋ ተደራርቦ ጥላ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ለማነጻጸር የቀድሞ ፎቶ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያ ማሞግራሟን የተነሣች ሴት ደግሞ የቀድሞ ፎቶ ከየት ታመጣለች? ወይም ጡቱ ጥቅጥቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የወጣትና የጎልማሳ ሴት ጡት ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እብጠትም ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ይህን በደንብ ይረዱታል፤ ነጭ ጋቢ ላይ የወደቀች ጥጥ መፈለግ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ማዕዘን ይነሣል፣ ወይም አልትራሳውንድ ይታያል። አልትራሳውንድ ውሃ የቋጠረውን ከጠጣሩ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ማሞግራም በሥርዓት በሚሠራባት አሜሪካ፣ ምንም ሳይሰማቸው ለመደበኛ ምርመራ ከሚቀርቡ 100 ሴቶች ወደ 10 ያህሉ «ተመለሱ» ይባላሉ። ከተመለሱት ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ አይሞሉም። በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ይዛ የሄደች ሴት ሒሳቧ ሌላ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አታላይ እሆናለሁ። ግን በሁለቱም በኩል «ተመለሽ» መባል ፍርድ አይደለም። ፍርድ የሚያስመስለው ዝምታው ነው።

የሴትዮዋ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። «ምንም አላለም ካላችሁ፣ ታዲያ ለምን ያመኛል?»

ሐኪሙ ወዳጄ መልሶ ጠየቃቸው። እብጠት ዳሰሱ? አልዳሰሱም። ቆዳው ቀልቷል፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተበሳስቷል፣ ግሏል? አይ። የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ? ደም ወጣው? አይ። ብብትዎ ሥር የሚዳሰስ አለ? የለም። ከዚያ አንድ ያልጠበቅነውን ጠየቀ፤ «ውሃና እንጨት የሚሸከሙት በምን በኩል ነው?»

የኦቾሎን አቀበት ያየ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ሸክሙ ጀርባ ላይ ነው፤ ገመዱ ግን ትከሻና ደረት ላይ ነው። ሴትዮዋ በእጃቸው መስመሩን አሳዩን፤ ገመዱ ግራ ጡታቸውን አቋርጦ ያልፋል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ።

የጡት ሕመም ብቻውን፣ ከላይ የተጠየቁት ምልክቶች ሳይኖሩ፣ የካንሰር ምልክት ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከወር አበባ ጋር ከሚወጣና ከሚወርደው ሆርሞን ነው፤ ሁለቱም ጡት ይከብዳል፣ ይወጠራል፣ ደም ሲመጣ ይለቃል። የወር አበባ ሊቆም በተቃረበበት ዕድሜ ሆርሞኑ ሥርዓት ስለሚያጣ ሕመሙም ሥርዓት ያጣል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲወጠር ያማል። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣባት ኢንፌክሽን ነው፤ መታከም አለበት። ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ የጡት የሚመስል ግን የጡት ያልሆነ ሕመም አለ። ከጡቱ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ወይም የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት የሚገጥምበት ቦታ ይቆጣል። ሐኪም በጣቱ እዚያች ላይ ጫን ሲል ሕመሙ «ይኸው እሱ!» ካሰኘ ነገሩ ከገመዱ ነው። ማሞግራም ይህን አያይም። ልክ የሆነ ጡት መያዣ ይረዳል፤ ፓራሲታሞል ይረዳል፤ ሸክሙን ማውረድ ከሁሉ በላይ ይረዳል። ሸክሙን ማን ያውርድላቸው? ይህን ሐኪሙ አይመልሰውም። አባወራው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሕመም ካንሰር አይደለም ስል ግን የባሰውን ስሕተት እንዳልወልድ እሠጋለሁ። እኛ አገር ሴቶችን የሚገድለው «አላመመኝም» ነው። የጡት ካንሰር እብጠት ሲጀምር በብዛት አያምም። በሽታ ማለት የሚያምም ነው ብለን ስለምናምን፣ የማያምመውን ቋጠሮ «ትንሽ ነገር ናት፣ ትጠፋለች» ብለን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እናስታምማለን። ቆዳው ሲቆስል ነው መኪና የምንሳፈረው። የሚያመው ጡት ባለቤቱን ቀስቅሶ ሐኪም ቤት ይወስዳታል፤ የማያመው ያስተኛታል። ስለዚህ የማያምም፣ ደረቅ ያለ፣ የማይለቅ እብጠት ያገኘች ሴት ቀጠሮ አትጠብቅ። ጡቷ በሳምንታት ውስጥ ቀልቶ ያበጠባት፣ ሳታጠባም፣ «ምች ነው» ተብሎ በቅጠል አትታሽ። ጠበሉን የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ቀጠሮውን ግን አይተው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለእ.ኤ.አ. 2020 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያት የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ወደ 9 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። በሴቶቻችን ላይ ቀዳሚው ካንሰር እሱ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶች ሲጠኑ ግማሾቹ 43 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ አሁን ያስፈልገኛል።

በየዓመቱ በፈረንጆች ኦክቶበር ወር አዲስ አበባ ሮዝ ትለብሳለች። ካናቴራ ይታደላል፤ በእግር ጉዞ ይደረጋል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ የግል ምርመራ ቤቶች «የማሞግራም ቅናሽ» ብለው ይለጥፋሉ። ማስተማሩን አልነቅፍም። በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ካናቴራ በሌለበት ወር ሁሉ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። የምነቅፈው በር ሸጦ ቤት የማይሸጠውን ነው። የ25 ዓመት ወጣት በቅናሽ ጠርታችሁ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጡቷን ራጅ አንሥታችሁ፣ «0» የሚል ወረቀት በመስኮት ስትሰጧት ምን ሰጣችኋት? ፍርሃት በደረሰኝ ሸጣችሁላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ሥርዓታቸው ደካማ ለሆነ አገሮች ጤነኛ ሴቶችን በጅምላ ማሞግራም ማንሣትን አይመክርም። ምልክት ያላትን ሴት በጊዜ ማግኘትና በእጅ መመርመር ይቅደም ነው የሚለው። በእኛ አገር ደግሞ ያቺ 43 አለች። ታማሚዎቻችን ወጣቶች ናቸው፤ ማሞግራም ደግሞ በወጣት ጡት ላይ ዓይኑ ይደክማል። ስለዚህ ለኦቾሎ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት የሠለጠነ እጅ፣ አልትራሳውንድ፣ መርፌና ናሙናውን የሚያነብ ሐኪም ነው። ማሽኑ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሪባንም ይቆረጥለታል። ለናሙና መርፌ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሌላ ልክ አስቀምጧል። ሴቲቱ መጀመሪያ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ማለቅ አለበት። ስልሳ ቀን። የኦቾሎዋ እናት ወረቀት ሣጥን ውስጥ ብቻ ዘጠና ቀን ተቀምጣለች። ለመሣሪያ እጦት ምክንያት አለን፤ ድህነት ነው። ለዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበረና ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርቡ እንደሆነ እናውቃለን። ግን ዘጠናው ቀን የጠፋው በመሣሪያ እጦት ነው እንዴ? አንድ ሰው በመስኮቱ በኩል «ፎቶው ግልጽ አልወጣም፤ በአልትራሳውንድ እንየው፤ እስከዚያው አይጨነቁ» ቢል ስንት ብር ያስወጣል?

መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ከሐኪሞችም ከቤተሰብም። «ብንነግራት ትደነግጣለች።» አይ፣ ወዳጆቼ። ያልነገራችኋት ሴት ደንግጣ ጨርሳለች፤ ቅቤው ሲመጣ ነው የደነገጠችው። እኛ መርዶ አዋቂዎች ነን። ሰው ሲሞት ጎረቤት ሰብስበን፣ ማለዳ ሄደን፣ ቀስ ብለን የምንነግር ሕዝብ ነን፤ ወጉ የሰው ልብ ስለሚገባው የቆየ ነው። መርዶ ግን ስለ ሞተ ሰው ነው፤ የሚነገረውም ለኗሪው ነው። እኛ ሐኪም ቤት ወስደን ገለበጥነው፤ ኗሪዋን ትተን ለዘመድ እናረዳለን። ሐኪሙ በሽተኛዋን ከበር ያስወጣና «የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው?» ይላል። የጡቱ ኃላፊ ማነው ብሎ ለምን አይጠይቅም?

ሁለተኛው መልስ ደግሞ «ማይም ናት፣ አይገባትም» የሚለው ነው። ይኼኛው ያናድደኛል። ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ወርቁን ቦርሳው ውስጥ የሚከት ሐኪም፣ ቅኔው ሳይገባ ሲቀር አድማጩን ይወቅሳል። የጋሞ ሰው በዱቡሻ ላይ ተቀምጦ የድንበር፣ የደም፣ የእርቅ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲመዝን የኖረ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት በበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቁመውታል። ያን ቀን አገሩን ሁሉ ያስደነቀ የማሳመን ችሎታ ያለው ሕዝብ «ፎቶው አልጠራም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይገባውም? ሌላ ነገር ንገሩኝ!

እርግጥ ነው፣ ዱቡሻውን ሳመሰግን አንድ ነገር ደብቄ አላልፍም። በአደባባዩ ሲናገሩ የኖሩት ወንዶች ናቸው። ፖስታውን ሣጥን ውስጥ የቆለፉት አባወራ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሚስታቸው መታከሚያ ጊደራቸውን ሊሸጡ የተዘጋጁ ሰው ናቸው። ግን ጉዳዩን እንደ ሸንጎ ጉዳይ ነው የያዙት፤ ወንዶች ይመክሩበታል፣ ውሳኔው ለጓዳ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለው ምርመራ ቤትስ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? ፖስታውን የሰጠው ለሸማኔው ነው። ባለ ዲግሪውና ባለ ሸማው በአንድ ነገር ተስማምተዋል።

ውጤቱ ምን ሆነ የምትሉ አንባቢያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሴትዮዋ በሳምንቱ ሄደው አልትራሳውንዱን ታይተዋል። ምን እንደተገኘ አልነግራችሁም። ወረቀቱ አምስት ወንዶች ዘንድ ዞሯል፤ ስድስተኛው ይህ ጋዜጣ አይሆንም።

ይልቅ ለመስኮቱ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከፖስታው ጋር ግማሽ ገጽ ወረቀት ጨምሩ። በአማርኛ ይሁን፤ ሴቲቱ ከምትመጣበት አገር ቋንቋ ቢሆንማ ምንኛ ባማረ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጣዩ ምርመራ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ መሠራት እንዳለበት፣ ምን ቢመጣ ቀኑን ሳይጠብቁ መሮጥ እንደሚያስፈልግ ይጻፍበት። የሚደወልበት ስልክም ይኑረው፤ ሲደወልም የሚነሣ። ማንበብ ለማትችለው የሚያነብላት ሰው አለን፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ቋንቋውን ይናገራሉ፤ ጓዳም ይገባሉ። የኦቾሎዋ ሠራተኛ ያን ፖስታ አንድም ቀን አላየችውም። ማንም አላሳያትም። ቤቷ ከእነሱ ቤት ሦስት አጥር ነው።